አስቀድሞ ማደሪያ

ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ፣ ከዝቋላ ቆላ እስከ ጋዝጊብላ ደጋ በተዘረጋው በዋግ ምድር፣ የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ ማደሪያ ቢለምን፣ «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ከተገኘው እህል ቀምሶ የሚያድርበት ጥንታዊ ሥርዓት መኖሩን የማያውቅ የለም። ይህ ሥርዓት ድርቅም ጦርነትም ያላጠፋው የሕዝባችን ክብር ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የተሠራው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ አገሩ ለሚሄድ እንግዳ ነውና፣ የሚሄድበት አገር የሌለው ሰው፣ ወይም አገሩና ወገኑ በዓይኑ ፊት እያሉ አእምሮው ስለ ታወከ መግቢያው የጠፋበት ሰው ሲመጣብን፣ ከአንድ ሌሊት የሚያልፍ መልስ እናጣለን። የዛሬው ሐተታዬ ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ልናደርግለት ይገባናል በሚለው ላይ ነው።

በየከተማው ጎዳና፣ በመናኸሪያው ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር የሚያድሩትን ሁሉ «የጎዳና ተዳዳሪ» በሚል አንድ ስም ብንጠራቸውም ችግራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ የቤት ኪራይ ያጠረው ጎልማሳ ሥራ ሲያገኝ ከጎዳና ይነሣል፤ ወላጆቹን ያጣ ሕፃንም አሳዳጊ ሲያገኝ ይነሣል። እኔ የምናገርላቸው ብዙ መከራ በአንድ ሥጋ ላይ ለተደራረበባቸው ነው፤ ይኸውም ከአእምሮ ሕመሙ ጋር የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ዓይነ ስውር ሆና ሳለ ጽንስ ለተሸከመችው፣ አረቄ ጭንቀቱን የሚያስረሳው መስሎት በሕመሙ ላይ ሱስ ለጨመረ፣ ቁስሉ ሳይታጠብ ዓመት ላለፈው ሽማግሌ ነው። ለእንዲህ ያሉት አንዱን መከራ ለይቶ ማከም ሌላውን ስለማያነሣላቸው፣ ሆስፒታሉ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ ዘመድ፣ ዘመድም መልሶ ወደ ጎዳና ሲሰዳቸው ዕድሜያቸው ያልቃል።

አሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። «ስትድኑ፣ ከመጠጥ ስትለዩ፣ ጠባያችሁን ስታስተካክሉ ይሰጣችኋል» የሚባል ቤት ለእነዚህ ሰዎች ከቶ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ቤቱ አስቀድሞ ሊሰጣቸው፣ ሕክምናውም ምክሩም ሥራውም ከዚያ ቤት ደጃፍ ሊጀመር ይገባል። ይህንንም ለማድረግ ታላላቆቹ ከተሞች እስኪጀምሩ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም እንደ አምደወርቅ ያለች፣ ሕሙማንዋን በስማቸውና በአባታቸው ስም የምታውቅ የወረዳ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት።

በዋግ ሰው እንዴት ቤት አልባ እንደሚሆን ለመረዳት የቅርቡን ታሪካችንን ማስታወስ ይበቃል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ሳለች፣ ሕዝቡ ቤቱን ዘግቶ እህል ይታደላል ወደ ተባለበት ወደ ኮረም በእግሩ ሲጓዝ ስንቱ በመንገድ እንደ ቀረ፣ ከተረፈውም ስንቱ ለሠፈራ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ ከእናቱ ልጅ እንደ ተለያየ ሽማግሌዎቻችን አይረሱትም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ደግሞ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከአበርገሌና ከጻግብጂ አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አመጣ፤ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ የጦርነቱ ቁስል ሳይጠግግ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ተከተለ። በአገራችን ልማድ ሕሙሙን ይዞ የሚያኖረው ዘመዱ ነው፤ እናቱ ታጎርሰዋለች፣ ወንድሙ ሌሊት ይጠብቀዋል፣ ሲብስበትም ወደ ጸበል ይወስደዋል። ያ ዘመድ በረኃብ ሲበተን፣ በጦርነት ሲሞት፣ ወይም ራሱ ተፈናቅሎ ከሸራ ሥር ሲገባ፣ ከቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድሞ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ሕሙሙ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በአንዲት የወረዳ ከተማ በሱቅ በረንዳ የሚያድር ሰው በጎረቤት ምክር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለአንድ ወር የሚሆን ክኒን ቢሰጠው፣ የሚያኖርበት ሣጥን የለውምና በጋቢው ጫፍ ይቋጥረዋል። ወራቱ ሐምሌ ከሆነ ዝናቡ ጋቢውን አርሶ ክኒኑን ያሟሟዋል። የተረፈውን በባዶ ሆዱ ሲውጠው አንጀቱን ይቆርጠዋል፤ መድኃኒቱም ከባድ እንቅልፍ ያመጣበታል። በበረንዳ ለሚያድር ሰው ግን ከባድ እንቅልፍ ማለት ጅብ ሲጠጋው አለመስማት፣ ቀን ለምኖ ያገኛትን ብርና የለበሳትን ጋቢ ሌባ ሲገፈው አለመንቃት ነውና፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መድኃኒቱን ይተወዋል። በወሩ መጨረሻ በካርዱ ላይ «መድኃኒቱን አቋርጧል» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ለምን እንዳቋረጠ የሚጽፍበት ቦታ ግን በካርዱ ላይ የለም። ሰውየው በአእምሮው ቢታመምም ነፍሱን ለማትረፍ የሚያስፈልገውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚያስፈልገውም የሚዘጋ በር ነው።

የሴቲቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። አእምሮዋ የታወከ ሴት በጎዳና ባደረች ቁጥር የሚደርስባትን ግፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆድዋ ሲገፋ በዓይናችን እናያለን፤ ወንጀለኛው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። የወለደችውም ሕፃን እንደ እናቱ ከመንገድ ዳር ያድጋል። ከውስጥ የሚቀረቀር መዝጊያና ጩኸቷን የሚሰማ ጎረቤት ለእርስዋ ከክኒኑ ሁሉ የሚቀድም መድኃኒት ነው፤ ያለዚያ ሐኪሙ ቀን ያከመውን ሌሊቱ መልሶ ያቆስለዋል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስል፣ ዶክተር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ 217 የጎዳና ተዳዳሪዎችን መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን ጥናት ልጥቀስ። ከተመረመሩት ውስጥ 41 በመቶው ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ሲሆኑ፣ 60 በመቶው ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሱሰኛ በሚያደርግ መጠን ይጠጡ ነበር፤ ከከባድ ሕሙማኑ መካከል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከ10 አንድ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹም በጎዳና ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተዋል። ይህ የተገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ባለበት፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን በሚበዙበት በዋና ከተማው ነው። የሕክምናው ቤት በቅርብ መኖሩ ብቻ ሕሙሙን ከጎዳና እንደማያነሣው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ለእነዚህ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ የሰጠናቸው መልስ አራት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ምጽዋት ሲሆን፣ በሰንበትና በበዓላት ምእመናን በደጀ ሰላም ለነዳያን የሚያቀርቡት እንጀራ ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ እንጀራው ከተበላ በኋላ ግን ሌሊቱ መምጣቱ አይቀርም። ሁለተኛው ጸበል ነው። በጸበል የተፈወሱ ብዙዎች ናቸው፤ የጸበሉ ሥፍራም ለስንትና ስንት ሕሙማን ሰው የማያባርራቸው ብቸኛ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ ሕሙሙ ሱባዔውን ፈጽሞ ሲወጣ የሚገባበት ከሌለው ያገኘው ጤና በጎዳና ብርድ መልሶ ይጠፋበታል። ጸበልና መድኃኒትም ይጣላሉ ብሎ የሚሠጋ ሰው ቢኖር፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ምእመናን ጸበል እየጠጡ የኤድስ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ ማስተማራቸውን ያስታውስ። ሦስተኛው፣ መናገሩም የሚከብድ፣ ሰንሰለት ነው፤ የሚያስሩት ዘመዶች ጨክነው ሳይሆን ከእርሻና ከገበያ ቀርተው ቀንና ሌሊት የሚጠብቁበት አቅም አጥተው ነው። አራተኛው ሕሙሙን በመኪና አሳፍሮ ወደ ሌላ ከተማ መሸኘት ሲሆን፣ ይህ በደላችንን ከዓይናችን አርቆ ለሌላው ማውረስ እንጂ መልስ ሊባል አይገባውም።

በዚህ መካከል በአገራችን የተነሡትን በጎ አድራጊዎች አለማመስገን ግፍ ይሆናል። ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ በቤተ ሰቡ መኖሪያ ቤት የጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ዛሬ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ አጥቦ፣ አልብሶና አብልቶ ያኖራል፤ ጌርጌሴኖን የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበርም በዚሁ መንገድ ይደክማል። እነዚህ ትሩፋቶች የሕዝቡን ልብ ከፍተዋል። ነገር ግን አንድ ማዕከል የአገሩን ሕሙማን ሁሉ ሊሰበስብ አይችልም፤ ቢችልም እንኳ የዋግን ሰው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አርቆ፣ አፉን የፈታበት ኽምጣና ከማይሰማበት፣ የሠፈሩ ሰው መጥቶ «እንደምን አደርህ» ከማይለው ሥፍራ ማኖር፣ ነፍሱን ያተርፍለት ይሆናል እንጂ ወደ ሰውነት መዓርጉ አይመልሰውም። ሕሙሙ ሊያገግም የሚችለው ከሚያውቀው ተራራና ከሚያውቀው ቋንቋ መካከል ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ ነገር የምታስተምረን ትምህርት ጥንታዊ ነው። በወንጌል የተጻፈው ደጉ ሳምራዊ ወንበዴዎች አቍስለው የጣሉትን ሰው ባየ ጊዜ ቁስሉን አስሮለት ብቻ አልሄደም፤ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ አገባው፣ ሌሊቱንም ጠበቀው፣ በማግሥቱም ለቤቱ ጌታ ሁለት ዲናር ከፍሎ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። የቈሰለው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ወደዚያ መንገድ ለምን እንደ ወጣ፣ ወደ ፊትም ይጠነቀቅ እንደ ሆነ የጠየቀው የለም፤ የመጠለያው ወጪም አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ሆኖ አልተነገረም። ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስም፣ በአራተኛው ምእት ዓመት የቂሳርያ ጳጳስ ሳለ ከከተማይቱ አጠገብ ለነዳያን፣ ለእንግዶች፣ ለድውያንና ለለምጻሞች ማደሪያ አሠርቶ፣ ሐኪሞችንና አገልጋዮችን እዚያው መድቦላቸው እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ሐኪሙን ወደ ሕሙሙ ማደሪያ ማምጣት እንግዲህ ዛሬ የተፈለሰፈ ብልሃት አይደለም።

በዘመናችን ይህን መንገድ በሳይንስ ሥርዓት የፈተኑት አገሮች አሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሳም ጸምበሪስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመምና ሱስ ያለባቸውን የጎዳና ተዳዳሪዎች «አስቀድማችሁ ታከሙ» ሳይል በተራ የመኖሪያ ቤቶች ማስገባት ጀመረ። ካናዳም ከ2009 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በአምስት ከተሞች ሁለት ሺህ ያህል ሰዎችን በሁለት ከፍላ፣ ለአንደኛው ወገን ቤቱን አስቀድማ ስትሰጥ ሁለተኛውን በተለመደው አገልግሎት ብቻ አቆይታ ስታመዛዝን፣ በጥናቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ያለ ማቋረጥ በቤት የኖሩት ከፊተኛው ወገን 62 በመቶ፣ ከኋለኛው 31 በመቶ ሆነው ተገኙ። ፊንላንድ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ሌሊት ብቻ የሚያድርባቸውን ታላላቅ መጠለያዎች ወደ ቋሚ መኖሪያ ክፍሎች ለውጣ፣ በአውሮፓ የቤት አልባዎች ቁጥር ሲጨምር የራስዋን ለብዙ ዓመታት መቀነስ ችላለች።

«እነርሱ ባለጸጎች ናቸው፤ እኛ ከየት አምጥተን» የሚል መልስ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ባለጸግነት ወዳልቀደመበት ምሳሌ ልሻገር። በቤልጅግ አገር ጌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በመካከለኛው ዘመን የአእምሮ ሕሙማን በዚያ ወዳለችው በቅድስት ዲምፍና ስም ወደ ታነጸች ቤተ ክርስቲያን እየተሳለሙ ሲመጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ማረፊያ ቢጠብባቸው ገበሬዎቹ በየቤታቸው እያስገቡ ያኖሯቸው ጀመር። ልማዱ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ሄዶ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሦስት ሺህ በላይ ሕሙማን ከከተማይቱ ቤተ ሰቦች ጋር አብረው ሲያርሱና ከብት ሲጠብቁ ይኖሩ ነበር፤ ልማዱ ዛሬም አልጠፋም። ከተሳላሚነት ተነሥቶ ወደ ጎረቤትነት የደረሰው ይህ ሥርዓት ከእኛ ጠባይ የራቀ ነው የሚል ማን ነው? በህንድ ቼናይ ከተማም ባንያን የተባለው ማኅበር፣ በሕክምና ማዕከል ለብዙ ዓመታት የቆዩ ሴቶችን አራት አምስት እያደረገ በተራ ሠፈር ቤት ተከራይቶ ከረዳት ጋር ያኖራቸዋል። በራሳችን አገርም በሶዶ ወረዳ ከዩኒቨርሲቲ ያልወጡ የአካባቢው ወጣቶች ለጥቂት ሳምንታት ሠልጥነው ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ሲረዱ፣ በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከቆዩት ይልቅ ኑሯቸውን በተሻለ መምራት እንደ ቻሉ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አረጋግጧል። ሠልጣኞቹ ግን የሄዱት ወደ ሕሙማኑ ቤት መሆኑን ልብ እንበል፤ ቤት የሌለውን ማን በምን አድራሻ ይጎበኘዋል?

እንግዲህ ዋግ ምን አላት ብንል፣ ያላት ከሚመስለን ይበልጣል። የቤት መሥሪያ ድንጋይ በየተራራው አለ፤ ድንጋይ ጠርቦ በጭቃ የሚክብ ግንበኛም በየቀበሌው ይገኛል። በየዓመቱ በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያፈርሱና ሲሠሩ እናያቸዋለን፤ ነገር ግን የሚታደሰው አስቀድሞ ቤት የነበረው ሰው ቤት ስለ ሆነ፣ ምንም የሌለው ሕሙም ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብታችን ግን መተዋወቃችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አእምሮ ሕሙማን ሲደነግግ፣ ስለ አእምሮ ሕመሙ በሕክምና ቤት የገባውን ሰው ሕመሙ የታወቀ ነው ሲል፣ ከሁለት ሺህ ያነሰ ሕዝብ በሚኖርበት ሥፍራ ግን ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ ሕመሙ የሚጠብቁትን ሰው የታወቀ ሕሙም አድርጎ ተቀብሎታል። ሕግ አውጪዎቹ በትንሽ ሥፍራ የጎረቤት ዕውቀት የሐኪም ወረቀትን ያህል እንደሚታመን ዐውቀው ነበር። በአምደወርቅም በመንገድ የሚዞረው ሕሙም የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ በየትኛው ዓመት እንደ ጀመረው፣ በምን ቃል ሲናገሩት እንደሚረጋጋ የምትነግራችሁ ጠላ ሻጭ አትጠፋም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቀበሌው በከተማው ዳር አርቆ ሳይሆን በሰዎች ሠፈር መካከል፣ ከጤና ጣቢያውና ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይርቅ፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቦታ ይመድብ፤ በዚያም የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከውስጥም ከውጭም የሚቆለፍ መዝጊያና መጸዳጃ ያላት አንዲት ክፍል ትሠራ፤ ቁልፉም ለሚኖርባት ሰው ለራሱ ይሰጥ። ሕሙማኑን ሁሉ በአንድ ግቢ አጉሮ ማኖር ለጥበቃ ቢመችም ከጎዳና አንሥቶ ወደ ግዞት መውሰድ ነውና ይቅር። ሕመሙ ስለ ተነሣበት፣ መድኃኒት ስላቋረጠ ወይም ስለ ጠጣ ከቤቱ እንደማይወጣ በቀበሌው ማኅተም በተደገፈ ጽሑፍ ይረጋገጥለት፤ ሕመሙ ጠንቶ ወደ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢወሰድም ቤቱ ተቆልፎ ይጠብቀው። ለምግቡ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው የሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ አለ፤ ይህን ድጋፍ ሕሙሙ እስከ ዛሬ የማያገኘው ስሙን የሚያስመዘግብበት ቀበሌና የቤት ቁጥር ስለሌለው ነው። ክኒኑን መዋጥ ለሚያስቸግረውም በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት አለና፣ ነርሷ በቀጠሮው ቀን ወደ ቤቱ መሄድ ትችላለች። በየቀኑ ደጁን አንኳኩቶ እንዴት አደርህ የሚል፣ በአማርኛም በኽምጣናም የሚያነጋግረው፣ አነስተኛ ደመወዝ የሚቆረጥለት የሠፈር ረዳት ቢመደብ፣ ከዕድሩም ሁለት ሰዎች በተራ ቢያግዙት፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ይሆናል።

በዚህ ላይ ሁላችንም እያወቅን የማንናገረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መሬቱ ነው። በጎዳና ከምናያቸው ሕሙማን ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከመታመማቸውም በፊት በስማቸው የተመዘገበ ወይም ከወላጆቻቸው የሚወርሱት ማሳ ይኖራቸዋል። ባለቤቱ በገበያ ፍርፋሪ ሲለቅም ማሳውን ሌላ ሰው ያርሰዋል። አራሹ ዘመድ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ማሳው ጦም ከሚያድር ቢታረስ ይሻላል። ነገር ግን በእኩል ያረሰ ሁሉ እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ማግባቱ የአገር ሥርዓት ነውና፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ለሕሙሙ ሞግዚት ሾሞ፣ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱም መዝገቡን አገላብጦ፣ ከምርቱ የሚገባው ድርሻ ለቀለቡና ለቤቱ ማደሻ እንዲውል ቢደረግ፣ ሕሙሙ በሰው ምጽዋት ሳይሆን በራሱ ሀብት ይኖራል። ይህን ማድረግ ከበጎ አድራጎት አስቀድሞ ፍትሕ ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሡ ይሆናል። አንደኛው «ጤነኛው ተፈናቃይ ከነልጆቹ በሸራ ሥር ሳለ ለዕብድ ቤት ይሠራልን?» የሚል ነው። ተፈናቃዩ ቤቱ እንዲመለስለት የሚጠይቅ አንደበት፣ በመዝገብ የሚጽፈው ኮሚቴ፣ ሰላም ሲሆን የሚመለስበት ቀዬ አለው፤ ሕሙሙ ይህ ሁሉ የለውም። ከተፈናቃዮቹም መካከል አእምሮው የታወከው ሰው ቆርቆሮ ሲታደል ሰልፍ ይዞ ስለማይጠብቅ ከሁሉ በኋላ ይቀራል። ስለዚህ ልመናዬ ከተፈናቃዩ ይቀነስ የሚል አይደለም፤ መልሶ የማቋቋሙ ዝርዝር ሲዘጋጅ ሰልፍ መያዝ የማይችሉት አስቀድመው ይጻፉ የሚል ነው።

ሁለተኛው «ቤቱን ያፈርሰዋል፣ ያቃጥለዋል» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም ብዬ አልምልም፤ ጤነኛም ሰክሮ ቤቱን ያቃጥላል። ለዚህም ነው ረዳትና ጎረቤት ያለበት፣ ከድንጋይ የተሠራ ቤት የምለው። ተቃጥሎ የሚሠራ ጣራ ቢኖር፣ በብርድ ከሚሞት ሰው ይልቅ ጣራው ይርከስ። ሦስተኛው «አረቄውን ካልተወ ምን ይረባዋል» የሚል ነው። ሌሊቱን በብርድ የሚያድር ሰው የሚሞቅበት ሌላ ነገር ስለሌለው ይጠጣል፤ በበረንዳ ላይ ሳለ መጠጥን ይተው ብሎ መፍረድ፣ ሊፈጽመው የማይችለውን ቀኖና እንደ መጫን ነው። ጥሩ የንስሐ አባት እንኳ ቀኖናን እንደ ኃጥኡ አቅም ይመጥናል።

የሥራው ድርሻ ግልጽ ሆኖ ይከፈል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋም በአቅሙ እንዲረዳ፣ በአንቀጽ 90ም ፖሊሲዎች ዜጎች ሁሉ መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ እንዲያልሙ ደንግጓልና፣ የወረዳው አስተዳደር ቦታውን፣ እንጨቱን፣ ቆርቆሮውንና የረዳቱን ደመወዝ ይቻል። ቤተ ክርስቲያን በቅጽሯ የሚያድሩትን ሕሙማን ስም ለቀበሌው ትስጥ፤ በጸበሉ ሥፍራም የጤና ባለሙያው ገብቶ እንዲያያቸው ትፍቀድ። ዕድሮች ከቀብር አስቀድሞ በሕይወት ላለው አባል ይድረሱ፤ በሩቅ አገር የሚኖሩ የዋግ ተወላጆችም የአንዲት ቤት ወጪ እየተካፈሉ ይሸፍኑ። ዞኑ ደግሞ የሚወጋው መድኃኒት በወሩ ሳይቋረጥ እስከ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች መድረሱን ይቆጣጠር፤ መድኃኒቱ ለሁለት ወር ከተቋረጠ የዓመት ድካም ይፈርሳልና።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. እንዲያከትም ቃል ሲገባ ያንን ቃል በሰቆጣ ስም ሰየመው፤ ብዙ ጊዜ በረኃብ ብቻ ይነሣ የነበረው የሰቆጣ ስም ያን ቀን የብሔራዊ ቃል ኪዳን ስም ሆነ። ሁለተኛው ቃል ኪዳን ከአዲስ አበባ እስኪታወጅልን መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ሥራው በቀበሌ መጠን የሚጀመር ነውና። መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት በአምደወርቅና በሰቆጣ፣ በየወረዳው ከተማም፣ እያንዳንዱ ቀበሌ በጎዳና የሚያድሩትን የአእምሮ ሕሙማን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን፣ ዓይነ ስውራንና ጠዋሪ ያጡ አረጋውያንን በስማቸው ይመዝግብ፤ ከመዘገባቸውም መካከል ሕመማቸው የበረታባቸውንና ሴቶችን አስቀድሞ ቤት ያስገባ። ክረምቱ ሲወጣም የቀበሌው ምክር ቤት በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ስንት ቤት አደስን ብሎ ከመናገሩ በፊት፣ ከተመዘገቡት ስሞች ውስጥ ስንቱ ዛሬም በጎዳና እንደሚያድሩ ይንገረን።